በሱጁድ የታየው ጳጳስ

እስቲ ይህን ጳጳስ ተመልከቱልኝ። ቁመቱ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ራሱ ላይ ጥምጣም ጠምጥሟል፤ ከጥምጣሙ በግራ በኩል ስባሪ ወልቋል። ክርስቲያኑ ሲያየው «ቄስ ነው» ይላል፣ እስላሙ «ሼህ ነው» ይላል። የጠረበው ሰው ጳጳስ የሚባል ፍጡር በቅርብ አይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚያውቀውን ጠረበ። የሚያውቀው ደግሞ በልጅነቱ ጅሬን ላይ በአለንጋ እየገረፉ ቁርአን ያስተማሩትን ሼህ ነበር። ቼዝ ግን ለዚህ ግድ የለውም። በሰያፍ እስከሄደ ድረስ ማንም ይሁን ማን ጳጳስ ነው።

ጠራቢው ኑሪ አባ ቡልጉ ይባላል። ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ፣ ከጨርቅ ተራው ጀርባ፣ ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ እየፈለፈለ የሚኖር ሰው ነው። ቼዝ ያስተማረው የሱቅ ጎረቤቱ ሰዓት ሠሪው ፈየራ ነው። ፈየራን ያስተማረው ደግሞ ቡና ይገዛ የነበረ አንድ ግሪክ ነው። ግሪኩ አብዮቱ ሲፈነዳ ገበታውን ጥሎ፣ ጠጠሮቹን ይዞ ሄደ። እናም ኑሪ አዲስ ጠረበ፤ ነጮቹን ከቀረሮ፣ ጥቁሮቹን ከዋንዛ። ዋንዛው አልጠቁር ሲለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጠጣው። እስከ ዛሬ በጥቁር የተጫወተ ሰው እጁ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል።

በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ደርግ በደህናው ቀን፣ ቼዝ የሰፊው ሕዝብ ስፖርት ነው ተባለና የከፋ ክፍለ ሀገር ውድድር ጅማ ላይ ተዘጋጀ። ከተወረሰ የቡና መጋዘን የተሠራ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ነበር፤ መፈክሩ ግድግዳው ላይ፣ የጆንያው ሽታ ወለሉ ላይ። ገበታ ከፈየራ፣ ጠጠር ከኑሪ ተለመነ። የስፖርት ኃላፊው ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ቼዝ አያውቁም፤ መምራት ግን ያውቃሉ። የመጀመሪያ መመሪያቸው «ንጉሥ በዚህ አገር ወድቋል፣ ገበታ ላይም አይቆምም» የሚል ነበር። ንጉሡ ሊቀመንበር እንዲባል ታዘዘ።

በመክፈቻው ቀን ከሰቃ ወረዳ የመጣ አንድ ተጫዋች ደስታው አሸነፈውና «ሊቀመንበሩ ተከበበ! መውጫ የለውም!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞሮ አየ። ሰውየው የተናገረውን መልሶ ሊውጥ የፈለገ ይመስል አፉን ከፍቶ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ንጉሡ ያለ አንዳች ማብራሪያ ዙፋኑ ላይ ተመለሰ። ዘውድ ከወደቀ በኋላ መልሶ የተነሣው እዚያች መጋዘን ውስጥ ብቻ ነው።

ለፍጻሜ የደረሱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ኑሪ። ሌላው መምህር ደምመላሽ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ቡልጋሪያ ተምሮ ጅማ ኮሌጅ ውስጥ ፖለቲካል ኢኮኖሚ የሚያስተምር፣ በጅማ ሙቀት ክራባት የማይፈታ ጎልማሳ። ቼዝ አዋቂ ነበር፣ ያውም እውነተኛ አዋቂ። ይህን ሳልመሰክር ባልፍ እኔም እንደሱ መሆኔ ነው። ያሸነፈ አዲስ አበባ ሄዶ ከአገሪቱ ምርጦች ጋር ይቀመጣል። ኑሪ በሕይወቱ ከዚህ ሌላ የተመኘው ነገር አልነበረም። መኪናውን፣ ፎቁን አይደለም፤ ገበታ ማዶ የሚቀመጡትን ሰዎች ነው ማየት የፈለገው።

ቅዳሜ የመጀመሪያውን ጨዋታ ኑሪ አሸነፈ። አሸናነፉ ነው ጣጣ ያመጣው። ጨዋታው መሃል ላይ የአስር ሰላት ደረሰ፤ ኑሪ ተነሣ፣ ወጣ፣ ሰገደ፣ ተመለሰ፣ ቁጭ እንዳለ የደምመላሽን ግንብ በላ። እሑድ በሁለተኛው ጨዋታ፣ በዚያው ሰዓት፣ እንደገና ብድግ ሲል ደምመላሽ እጁን ዘረጋ።

«ወዴት ነው?»

«ሰላት ደርሷል፣ መምህር።»

«ትናንትም ልሰግድ ብለህ ወጣህ፤ ስትመለስ ግንቤን በላህ።»

«ቢስሚላህ ብዬ ነው የበላሁት፤ ሐላል ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደምመላሽ ግን አልሳቀም። ተነሥቶ ክራባቱን አስተካከለና «ጓድ ሀብተጊዮርጊስ! ይህ ሰው ውጭ የሚመክረው አለው። ተቃውሞዬ ይያዝልኝ» አለ።

ጓድ ሀብተጊዮርጊስ ላብ ላብ አላቸው። መንግሥት «ሃይማኖቶች እኩል ናቸው» ሲል አጨብጭበዋል፤ ካድሬው «ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው» ሲልም አጨብጭበዋል። «ሰላት» የምትለዋን ቃል በየት በኩል ያውጧት?

«እንግዲህ… ጓድ ኑሪ በተደጋጋሚ ለ… ለተፈጥሮ ጉዳይ ከአዳራሹ…»

«የተፈጥሮ አይደለም ጓድ፣ ከተፈጥሮ በላይ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ፈየራ ሁለት የደወል ሰዓቶች ፊቱ ደርድሮ የተጫዋቾቹን ጊዜ ይይዝ ነበር። «ጓዶች፣» አለ፣ «ኑሪ ሲወጣኮ ሰዓቱ የሚሄደው በራሱ በኑሪ ላይ ነው! የራሱን ጊዜ አቃጥሎ የሚያጭበረብር ሰው የት አገር ታይቷል?»

«ጓድ ፈየራ፣ አንተ ሰዓትህን ጠብቅ» አሉት ጓድ ሀብተጊዮርጊስ።

እናንተዬ፣ በዚያ አዳራሽ የተነገረች ብቸኛዋ ፍሬ ያላት ነገር እንዲህ ሆና ሞተች።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ኑሪ ከጠባቂ ጋር ይውጣ ተባለ። አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠብመንጃውን አንግቶ ተነሣ። ደምመላሽ ጮኸ፤ «እሱ ምን ያውቅና! ፊቱ ቆመው ኑሪን ጳጳሱን አንቀሳቅስ ቢሉት ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚያወሩ ነው የሚመስለው!» እውነቱን ነው። ጠባቂው ቼዝ አዋቂ መሆን አለበት። ቼዝ አዋቂ ማን አለ? የተሸነፉት ተጫዋቾች ወደየወረዳቸው ተመልሰዋል። ተያዩ። ከተከሳሹና ሰዓት ከሚይዘው ፈየራ ሌላ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ራሱ ከሳሹ። እናም መምህር ደምመላሽ የተቀናቃኙ የስግደት ጠባቂ ሆኖ ወጣ።

ከአዳራሹ ጀርባ አንድ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ኑሪ በቆርቆሮ በያዘው ውሃ ውዱእ አደረገ፣ ባዶ የቡና ጆንያ አነጠፈ፣ ቆመ። ደምመላሽ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ አፈጠጠበት። ከአንዲት ፍየል በቀር የቀረባቸው የለም፤ ፍየሏም ትንፍሽ አላለችም።

እውነተኛው ጉድ የተፈጸመው ግን መሬት ላይ ነው። ኑሪ ለሱጁድ ተደፍቶ ግንባሩ ጆንያውን ሲነካ፣ የጥሬው ቡና ሽታ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ፣ ገበታው ከነጠጠሩ ዓይኑ ፊት ተዘረጋ። ያ ባለ ጥምጣሙ ጳጳስ በሰያፍ ተነሥቶ ሄደና የደምመላሽ ንጉሥ ደጃፍ ላይ፣ ወታደሩ ሊበላው በሚችልበት ቦታ፣ ዓይኑን ሳያሽ ቆመ። ወታደሩ ከበላው የኑሪ ግንብ ይገባና ንጉሡ ያልቃል። ካልበላው ንግሥቲቱ ታልቃለች። ኑሪ ደነገጠ። «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ከሐሳቡ አባረረው። ጳጳሱ ተመልሶ መጣ። ቀና ሲል ስንተኛው ረከዓ፣ ስንተኛው ዙር ስግደት ላይ እንዳለ ጠፍቶበታል። አሰላምቶ ሲጨርስ ጆንያው ላይ ትንሽ ቁጭ አለ፤ እንግዳ ቤቱ ገብቶ ሳያስተናግደው የሸኘ ሰው መሰለ።

ገቡ። ኑሪ ጳጳሱን አንሥቶ ያየበት ቦታ አስቀመጠው።

ደምመላሽ ገበታውን አየ። እንደገና አየ። ጆሮው ቀላ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሰው ከሰው የሚለየው። መሸነፍ ምንም አይደል፤ ማንም ይሸነፋል፤ እጅህን ትዘረጋለህ፣ «ጎበዝ ነህ» ትላለህ፣ ቤትህ ገብተህ ትራስህን ትነክሳለህ። እሱ ግን እጁን የዘረጋው ለመጨበጥ ሳይሆን ለመጠቆም ነው።

«ይማልልኝ! ውጭ ሳለሁ ምንም እርዳታ አላገኘሁም ብሎ በቁርአን ይማልልኝና ተሸንፌአለሁ!»

ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ኑሪ ይምላል፣ ነገሩ ያልቃል፣ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ፈየራማ ሰዓቶቹን ማቆም ጀምሮ ነበር።

ኑሪ አፉን ከፈተ። ጳጳሱን አየና መልሶ ገጠመው።

እነ ኑሪ አገር መሐላ ቀልድ አይደለም፤ በሐሰት የማለ ሰው ቤቱ ተዘግቶ ይቀራል ይባላል። ኑሪ ደግሞ እንጨትም ይሁን ነገር ጠማማ ከሆነ እጁ የማያልፍለት ሰው ነው። ያቺ እርምጃ ከየት መጣች? አለ በልቡ። ከአላህ ከሆነ እርዳታ ነው። ከሸይጣን ከሆነም እርዳታ ነው። ከራሴ ከሆነ ደግሞ ጌታዬ ፊት ተደፍቼ ቼዝ ስጫወት ነበር፤ በየትኛው አፌ ነው ቁርአን የምጠራው?

«አልምልም» አለ።

«ተመዝግቧል!» አሉ ጓድ ሀብተጊዮርጊስ። አንድ ሰው ጥፋቱን ሳይደበደብ ሲያምን በዘመናቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። «ያልማለ አጭበርብሯል። የቅዳሜውም የእሑዱም ድል የጓድ ደምመላሽ ነው!»

ጭብጨባ ሆነ። ደምመላሽ ሲነሣ ክንዱ ገበታውን ነካው፤ ጳጳሱ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ከጥምጣሙ ስባሪ ተፈናጠረ።

አሁን ልናገር። አቮካዶው ሥር ማንም እንዳልነበረ በዓይኑ ያየ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር። ለዚያ ሰው ያጨበጭቡለታል። «ማንም አልነበረም» — ሁለት ቃል! አምስት ዓመት ቡልጋሪያ ተቀምጦ ስለ ጭቁኑ ሕዝብ ያነበነበ ምላስ ለአንድ በርጩማ ሠሪ ሁለት ቃል አጣ።

በማግስቱ ጠዋት የኑሪ ሚስት ዙሀራ ሱቁ ድረስ መጣች። ማታ እሱ ያልነገራትን ወሬ ሽንኩርት ተራ ሰምታለች።

«የነስሩ አባት፣ ምላስህን ፍየል በላችው?»

«ተይኝ ዙሀራ።»

«አልተውህም! ሰው ለውሸት እየማለ ይኖራል፣ አንተ ለእውነት መማል ያቅትሃል?»

መሮውን አስቀመጠ። «ሱጁድ ላይ ሆኜ ጳጳሱን አየሁት።»

«ማንን?»

«ጳጳሱን።»

ዙሀራ አፏን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች፤ አልሆነላትም፤ ሳቋ አመለጠ። «ያ ረቢ! ሰው ሱጁድ ላይ ጀነት ይታየዋል፣ የኔ ባል ጳጳስ ይታየዋል!» እስክትደክም ሳቀችና ዓይኗን ጠራርጋ ተቆጣች። «ይሄ ያንተና የአላህ ነው። እሱ መሓሪ ነው፣ ይተውልሃል። ለቀበሌ ስምህን የሰጠኸው ለምንድነው? ቀበሌ የሰጡትን መቼ መልሶ ያውቃል?»

ኑሪ መሮውን አነሣ። ቀበሌውም አልመለሰም። ከውጭ ምክር ይቀበላል ተብሎ ስሙ ሬዲዮ ኑሪ ሆነ። «ሬዲዮ ኑሪ! ዛሬ ሞገዱ እንዴት ነው?» ይሉታል ጎረምሶቹ። ከመስጊድ ሲወጣ እንኳ፣ «ምን አወራህ?» ብሎ የሚጠቅሰው አይጠፋም። በርጩማውን ይገዙታል፤ በርጩማ አያጭበረብርም። ገበታ ዘርግቶ «ያ ነማ፣ አንተ ሰው፣ ና አንድ እንጫወት» ሲል ግን ሁሉም ሥራ ይበዛበታል። ለእሱ ያቺ ናት ሞት።

ደምመላሽ አዲስ አበባ ሄዶ በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ ተመለሰ። እዚያ ሰላት የሚወጣ አልነበረም፤ ማንን ይክሰስ? አንድ የገበያ ቀን ኑሪ ሱቅ ብቅ አለ። በርጩማዎቹን እየዳበሰ ቆየና ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ።

«ማንም እንዳልነበረ አውቃለሁ።»

«ጮክ በል፤ መሮው ይጮኻል።»

«ማንም አልነበረም አልኩ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ኑሪ ቀና አለ። «መምህር፣ ያዋረድከኝ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው። ይቅርታህን እንደ ኮንትሮባንድ ቡና ደብቀህ ታመጣለህ?»

«ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«እኔን ያለኝን።»

ኑሪ ገበታውን አወጣ፤ የዚያን እሑድ ጨዋታ ካቆሙበት ደረደረው፤ ጥምጣሙ የተሸረፈውን ጳጳስ ንጉሡ ደጃፍ አቆመው። «ተራው ያንተ ነው» አለ። ደምመላሽ ንጉሡን በአንድ ጣቱ ገፋ አድርጎ አስተኛና ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። መንገዱ ላይ ሰው ሞልቷል። ለአንዱ እንኳ አልተናገረም። ክረምቱ ሳይገባ ተዛውሮ ሄደ።

ደርግ ወደቀ፣ መፈክሩ ተፋቀ፣ አዳራሹ ተመልሶ መጋዘን ሆነ። ኑሪ ሸብቷል። ጳጳሱን እንደገና መጥረብ አቅቶት አይደለም፤ ስባሪውን እንዳለ ተወው። ገበታው እስከ ዛሬ ሱቁ ደጃፍ በአንድ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል፤ ሁለተኛው በርጩማ ባዶ ነው።

ሄርማታ መርካቶ ካለፋችሁ እባካችሁ እዚያ ባዶ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ትሸነፋላችሁ። የሰላት ሰዓት ከደረሰ ሰግዶ እስኪመለስ ጠብቁት። ስትሸነፉ ደግሞ ንጉሡን አስተኝቶ ዝም ብሎ መሄድ የለም፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ እንዲሰማ፣ ጮክ ብላችሁ፣ «ተሸነፍኩ» በሉለት።