ወርሳሜ ያላወለቀው ሸሚዝ

ወርሳሜ መጀመሪያ የሚመታ፣ ኋላ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ሃያ ዓመት በደወሌ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ቡጢውን ያልቀመሰ ረዳትና ደላላ ማግኘት ይቸግራል። ኩላሊቱ ሲከዳው እንኳ በሽታውን ተደባድቦ የሚጥለው መስሎት ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ለእጥበት ሲሄድ ማሽኑን እየገላመጠ ይተኛል። ሐኪሞቹ ለእጥበቱ መርፌ ብለው በቀዶ ጥገና ያዘጋጁለትን የግራ ክንዱን ደም ሥር ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃት ነበር።

ሰኔ ላይ ዶክተር ሳብሪን የደም ውጤቱን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አቦ ወርሳሜ፣ ሲአርፒ የሚባል ምርመራ አለ። ሰውነት የሆነ ቦታ ሲቆጣ፣ ሲመግል ደም ላይ ይታያል። ከአሥር ባይበልጥ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያንተ መቶ አርባ ነው።»

«የሞተው ኩላሊቴ አይደል? አቦ ተይኝ።»

«ኩላሊት ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። ይኼ ቁጥር ከፍ ብሎ የሚቆይባቸውን ግን ቶሎ ነው የምናጣቸው። ቁስል አለህ? እስቲ ሸሚዝህን አውልቅ።»

አላወለቀም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ወርሳሜ ግን በምክር የሚመለስ ሰው አልነበረም። ከሸሚዙ ሥር ሦስት የመገለ ቁስል ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ታላቅ ወንድሙ ዒልሚ፣ ጀልዴሳ ወደሚባል መንደር ወስዶት፣ አንድ ሽማግሌ ወገቡን በጋለ ብረት ተኩሶታል። አባታቸውም፣ አያታቸውም፣ ግመሎቻቸውም የታከሙት በዚሁ ነው። ዒልሚ ትከሻው ላይ ተቀምጦ ሲይዘው፣ ቆዳው ሲጤስ፣ ወርሳሜ ጥርሱን ነክሶ አፈር ቃመ እንጂ አልጮኸም። ለእሳት ያልጮኸ ወንድ መግሉን ለሴት ሐኪም አያሳይም አለ እንግዲህ። ሞኝነት ነው ብሎ የሚነግረው ቢገኝ ጥርሱን ያወልቀዋል።

በዚያው ሳምንት ትኩሳት ጣለው። መልካ ጀብዱ የሚኖረው ዒልሚ ይህን ሲሰማ ሽማግሌውን ከነብረቱ ጭኖ መጣ።

«እሳቱ አንሶት ነው፤ ይደገም» አለ።

የወርሳሜ ሚስት ሃምዳ በሩ ላይ ቆመች። «ዋሪያ፣ ባሌን ደግመህ አታቃጥለውም።»

ዒልሚ ገፈተራት። ግንባሯ ከብረት በሩ ጋር ተላትሞ ተፈነከተ።

ደሟን ሲያይ ወርሳሜ ከፍራሹ ተነሣ፤ ጉልበቱን ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቀው። የወንድሙን አፍ በቀኙ መታው፣ ደገመው። ሽማግሌው ብረቱን ጥሎ ፈረጠጠ። ሦስተኛውን በግራው ሰነዘረ። ዒልሚ ጎንበስ ሲል ክንዱ የመስኮቱን መስተዋት ሰብሮ አለፈ፤ ያቺ የሚሳሳላት ደም ሥር ተበጠሰች። ደሙ ግድግዳውን እስከ ጣራው ረጨው።

ዒልሚ የተሰበረ ጥርሱን ተፍቶ ተንበረከከና በሁለት አውራ ጣቶቹ ቁስሉን ደፈነው። ባጃጅ ውስጥም፣ ሆስፒታሉ በር ላይም አልለቀቀም።

ክንዱን ሰፉት። ዶክተር ሳብሪን እጥበቱ ከእንግዲህ በአንገቱ በሚገባ ቱቦ በኩል እንደሚሆን ተናገረች። «ግን ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ ካላወቅኩ በከንቱ ነው የምደክመው፤ ይሞትብኛል» አለች። ወርሳሜ ጣራውን እያየ በቀኝ እጁ የሸሚዙን ጫፍ ጨብጧል።

ዒልሚ የወንድሙን ጣቶች ከሸሚዙ ላይ አንድ በአንድ ፈለቀቀና በጎኑ ገለበጠው።

«እኔ ነኝ ያስተኮስኩት» አላት። «እኔ ነኝ የያዝኩት።»

ሸሚዙ ሲገለጥ ሽታው ነርሷን ወደ ኋላ መለሳት።

መግሉ ተጠርጎ ቁጥሩ ዘጠኝ እስኪደርስ አምስት ሳምንት ፈጀ። ወርሳሜ ተርፏል። ሃምዳ ግን እስከ ዛሬ ከዒልሚ ጋር አትነጋገርም፤ ወርሳሜም ታረቂው ብሏት አያውቅም።