እትዬ ፕሪሚቲቫ ያልገቡባት ቤተ ክርስቲያን

እትዬ ፕሪሚቲቫን በከተማችን በቪጋን የማያውቃቸው የለም። የአንድ የጥንት ባለጸጋ ቤት ጠባቂ ናቸው። ቤቱ የሳቸው ባይሆንም ከባለቤቱ ብሰው ይቆጡበታል። በመስታወት ፈንታ ስስ ዛጎል የተገጠመባቸውን መስኮቶች ገፋ ገፋ አድርገው ይከፍቱና፣ "ጫማህን ጥረግ፤ ይሄ ወለል አያትህን ያስከነዳል" እያሉ እንግዳ ያስገባሉ። እኔ ጋሪ ነጂ ነኝ፤ ጎብኚ የማመጣላቸው እኔ ነኝ።

አንድ ልጃቸው ዴልፊን አብሮ አደጌ ነበር። መርከበኛ ሆኖ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመቱ። መርከቡ ሰጠመ ተባለ፣ ሬሳ ግን አልመጣም። ሰው "እርምዎን ያውጡ" ሲላቸው፣ "ሬሳ ሳላይ የምን እርም ነው?" ይላሉ። እኔም አፌን ሞልቼ ሞተ ማለት አልቻልኩም፤ ይናፍቀኛል።

እኛ አገር ሰው እሱ ራሱ ረግጦት የማያውቀው ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ የለመነው ይሰጠዋል ይባላል። በየቤተ ክርስቲያኑ አንዴ ብቻ ነው ታዲያ። የከተማችን ካቴድራል እትዬ ክርስትና የተነሱበት ስለሆነ አይቆጠርላቸውም። ስለዚህ በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ፣ ሌላው ሰው ሰባት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም፣ እሳቸው በኔ ጋሪ ያልገቡበትን ፍለጋ ይወጣሉ። ከጎረቤት ከተሞች የማግሲንጋልን ጨረስን፣ የናርቫካንን ጨረስን። ዘንድሮ በጋሪ የሚደረስባት አንዲት ብቻ ቀረች፤ ከወንዙ ማዶ፣ ኮረብታ ላይ ያለች የጡብ ቤተ ክርስቲያን።

ዳገቱ ፈረሴን ፈጀው።

"ቀስ በል። ካንተ ይልቅ እሱ ያሳዝነኛል" አሉኝ።

"እኔንም አልፎ አልፎ ይዘኑልኝ እንጂ እትዬ።"

"አንተማ ሆድህ ከሞላ ምን ጎደለህ።"

ስንደርስ ጥቁር የራስ መሸፈኛቸውን አስተካከሉና ደረጃውን ወጡ። ውስጥ ሰዉ ይዘምራል። ደፉ ጋ ሲደርሱ እግራቸውን አነሱ፤ መልሰው አወረዱት።

"ምነው እትዬ?"

"ዛሬ ገብቼ ለምኜ ባይመጣስ?" አሉኝ። "የዛሬ ዓመት የት እገባለሁ?"

ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው መሸፈኛቸውን አጣጠፉት። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እኔም ገብቼባት አላውቅም" አልኳቸው። "እርስዎ እዚሁ ይቀመጡ፤ እኔ ገብቼ ልለምንልዎ።"

ልነሳ ስል እጅጌዬን ያዙኝ።

"ተው" አሉኝ። "ያንተም ይቆየን።"