መብራት ሄዶም ያልወጡ ደንበኞች

ዲበኩሉ ጠብ ያለሽ በዳቦ የሚባል ዓይነት ሰው ነው። ድሮ አዳማ መናኸሪያ ተሸካሚ ሳለ የሚፈራው በቡጢው ነበር፤ አሁን ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ጀርባ ግቢ ተከራይተው ለሚኖሩ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ዋይፋይ ይሸጣል። ሥራው ተቀየረ እንጂ ቡጢውስ ያው ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ አንድ የይለፍ ቃል ለአንድ ስልክ። ቃሉን ለጓደኛው ያዋሰ ሌባ ነው፤ ሌባ ደግሞ ይመታል። ላፕቶፑ ላይ የገባ የወጣውን የሚመዘግበው ሰርቨር «በዚህ ስም ሌላ ሰው ገብቷል» ካለ፣ ለዲበኩሉ ከዚያ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

አንድ ቅዳሜ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጨርቅ ቆራጩ ማናሴ በሩን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ አልገባ አለኝ።»

ዲበኩሉ ላፕቶፑን አየ። የማናሴ ስም ከጠዋት ጀምሮ እንደገባ ነው።

«ለማን ሰጠኸው?»

«ኧረ ለማንም!»

ቡጢው አፉ ላይ አረፈ። ማናሴ ከግድግዳው ተላትሞ ሊወድቅ ሲል ጉሮሮውን አንቆ አቆመው። የልጁ ደም በክንዱ ላይ ወረደ፤ እሱ ግን ይበልጥ ጨበጠ። ማናሴ ተንፈራገጠ፣ ፊቱ ጠቆረ። ጎረቤቶች «ኧረ በሕግ! ገደልከው እኮ!» እያሉ ቢጎትቱትም ወይ ፍንክች። እንዲህ ያለው ሰው ሲቆጣ ጆሮ የለውም።

ሰርቨሩን የምትሠራለት እህቱ ሚልካ ሮጣ ደረሰች። አልለመነችውም። ጣሪያው ላይ ሆኖ ዋይፋዩን ለሚያሰራጨው አንቴና መብራት የሚሰጠውን ገመድ መንጭቃ ነቀለችና ላፕቶፑን ፊቱ ላይ ደቀነችበት።

«እይ! አሁን ማንም አልገባም፣ የሁሉም ስልክ ተቋርጧል። ሰርቨሩ ግን ሁሉም አሉ ይላል! ያንተም ስም አለበት፤ አንተስ ለማን ሰጠህ? ሰው ሲወጣ ‹ወጣ› ብሎ የሚነግረው አንቴናው ነው። መብራት ሲጠፋ ሳይነግረው ይሞታል። ሰርቨሩ ራሱ በየጊዜው ‹ሰውየው አለ ወይ?› ብሎ ይጠይቅ፣ መልስ ያጣበትን ይዝጋ ብዬ ስንቴ ለመንኩህ! የሌባ ጠበቃ አልከኝ!»

ዲበኩሉ የገዛ ስሙን አየ። እጁ ላላ። ማናሴ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ሲያስል ከደሙ ጋር ጥርስ ወጣ።

«ፈይሳም ሌባ አልነበረም» አለች ሚልካ።

ዲበኩሉ ክው አለ። ፈይሳ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ክረምት ላይ በዚሁ ክስ እጁን በብረት ሰብሮ ከግቢው አባሮታል። ያን ቀንም መብራት ሄዶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ዲበኩሉ አፈረ፤ እህሉም እንቅልፉም እንቢ አለው።

በሳምንቱ ሽማግሌ ይዞ ፈይሳ ወደተመለሰበት የአባቱ አገር፣ ወደ ቡልቡላ ሄደ። የፈይሳ አባት በኦሮምኛ «ኮታ፣ ታኣ»፣ ኑ ተቀመጡ ብለው አስቀመጧቸው። ሽማግሌ የያዘ እንግዳ ከደጅ አይመለስምና ነው እንጂ ፊታቸውስ አልተፈታም። ፈይሳ ከጓሮ ሲገባ ዲበኩሉ ሽማግሌዎቹ አፋቸውን እስኪከፍቱ እንኳ አልጠበቀም፤ እግሩ ላይ ወደቀ።

«በድዬሃለሁ፣ ሌባ አልነበርክም። ምታኝ፤ እስኪወጣልህ ምታኝ።»

ፈይሳ ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር አወጣ። ጣቶቹ ተቆልምመው ደርቀዋል።

«በየትኛው እጄ?» አለው።