የሞጣው ንጹሕ ድንች

ሥራዬ የድንች ቫይረስን በዘረመል ምርመራ መለየት ነው፤ ከመሣሪያዬ የሚያመልጥ ቫይረስ እንደሌለም በየስብሰባው እናገራለሁ። ሞጣ አጠገብ ያሉ አንዲት እናት፣ ድንቻቸው ለዘር ካልሆነ የከርሞ ማሳቸው ባዶ ሊቀር ነውና፣ መርምርልኝ ብለው አስጠሩኝ። ፀሐዩ ስለበረታ እኔ ጓንቴን አጥልቄ ጥላ ሥር በክብር ተቀመጥኩ፤ ቅጠሉን እሳቸው ቀጥፈው አመጡልኝ።

ውጤቱን ይዤ ስመለስ መንደርተኛውን አሰባስቤ፣ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ «እማማ፣ ድንችዎ ንጹሕ ነው፤ ያለ ሥጋት ይትከሉት!» አልኩ።

«ተመስገን! ተጨማዶ ቢጫ ሲሆንብኝ አበቃለት ብዬ ነበር።»

ደነገጥኩ። «ያመጡልኝ ቅጠል ግን ለምለም ነበር እኮ!»

«ምነው ልጄ! ከብቸና ድረስ ለመጣ እንግዳ የተጨማደደ ቅጠል ይሰጣል? ከጎረቤት ማሳ ለምኜ ነዋ!»