ኦቦ ደቻሳ የመረጡልኝ ደካማ ካርድ

ማክሰኞ ጠዋት ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ የሞተ ኮምፒውተሬን ሳየው... በሩ በእርግጫ ተበረገደና ለማ ገባ። «ምነው?» ሳልል አፌን በቡጢ አለኝ። ከንፈሬ ተሰነጠቀ።

«የሰርጉን ቪዲዮ አምጣ!»

«ለማ፣ ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል እኮ! ምስል አላወጣም አለ!»

«ጓደኛህን ልታድን አንተው ነህ ያቃጠልከው!» ብሎ ሁለተኛውን ሰነዘረ። ጎረቤቶች ሮጠው ባይዙት ኖሮ ይሄን የምጽፍላችሁ ጥርሴን ለቅሜ ስጨርስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አምቦ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ጉደር አንድ ሰርግ ስቀርጽ፣ በሙሽሪት ደጅ ሚዜዎችን የማገድ ጨዋታ ተጀመረ። እንደምታውቁት ትንሽ ግፊያ ነው፣ ሳቅ ነው፣ ከዚያ ይገባሉ። ያን ቀን ግን አንዱ ጠንከር አድርጎ ገፋ፣ ሌላው በክርን መለሰ... ወንበር በአየር በረረ፣ ዱላ ይወርድ ጀመር። እኔ ካሜራዬን ከአናቴ በላይ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

ሁካታው ሲበርድ የሙሽሪት አጎት ኦቦ ቶሎሳ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ መሬት ላይ ተዘርግተዋል። ነጭ ጋቢያቸው በደም ርሷል። አጠገባቸው ዱላ ይዞ የቆመው ሚዜው ገመቹ ነበር... የልጅነት ጓደኛዬ።

«እኔ አልመታኋቸውም!» ቢል ማን ይስማው! ለማ የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ነው። ገመቹን ካገኘው ሁለት እግሩን ሰብሮ እንደሚያስቀምጠው በአባቱ ደም ማለ። ገመቹ እጃጂ ከተማ ዘመድ ቤት ተደበቀ። በየቀኑ እየደወለ «ካሜራህ አይቶታል... አሳያቸውና አድነኝ» ይለኛል። እኔ ደግሞ ቪዲዮውን ኮምፒውተሬ ላይ ገልብጬ የካሜራውን ሚሞሪ አጥፍቼዋለሁ። ኮምፒውተሩም በዚያው ሰሞን ዓይኑ ጠፋ።

ቪዲዮው ያለበትን ዲስክ ነቅለን ሌላ ኮምፒውተር ላይ እንየው ብል ለማ «ከዚህ ከወጣ የገመቹ ቦታ ተቆርጦ ይጠፋል» ብሎ እምቢ አለ። ያቺን አሮጌ ኮምፒውተር ከማስነሳት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ማክሰኞ እንግዲህ በቡጢው ጩኸት ሰው ሲሰበሰብ ኦቦ ደቻሳ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ገቡ። የሙሽሪት ጎረቤት ናቸው፣ ሰርጉም ላይ ነበሩ፤ ለእርቁ የተሰየሙት ሽማግሌዎች ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። «ለማ፣ እጅህን ሰብስብ። እኔ አብሬው ሄጄ ካርዱን አስገዛዋለሁ፤ ዛሬውኑ ሁላችን ፊት ይታያል» አሉ። ለማ ረገብ አለ። ኡፎይ አልኩ።

የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ሄድን፤ ባለሱቁ ሦስት ካርድ ዘረጋልን። አንዱ ሁለት ማራገቢያ ያለው ግዙፍ ነው፤ የኮምፒውተሬ ኃይል ሰጪ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ አይችለውም፣ ሳጥኑም አያስገባውም። ሁለተኛው ያገለገለ ግን ጎበዝ ነው፣ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የሚሆነኝ እሱ ነበር። ሦስተኛዋ አቧራ የለበሰች ሚጢጢ ናት።

«ይቺስ?» አሉ ኦቦ ደቻሳ በከዘራቸው እየጠቆሙ።

«እሷማ ደካማ ናት ኦቦ። ለጌም አትሆንም፣ ኤዲቲንግም ላይ ትንቀራፈፋለች» አላቸው ባለሱቁ።

«ደካማ ናት?» ፊታቸው በራ። «በል እሷን ስጠው!»

«ኦቦ፣ ያኛው ይሻለኛል...»

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ገንዘብህን አታባክን። አንድ ቪዲዮ ለማየት ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?»

እንደ አባት አሰቡልኝ ብዬ ውስጤ ተነካ። ዋጋውንም ተከራክረው አስቀነሱልኝ።

ካርዷን ሰካኋት... ምስል መጣ! ሱቄ በሰው ጢም አለ። ለማ ከኋላዬ ቆሟል፣ ትንፋሹ ማጅራቴን ያቃጥለኛል። «የገመቹን እጅ ብቻ ልየው...» ይላል ጥርሱን እያፋጨ።

ቪዲዮው ሄደ። ግፊያ... ክርን... ወንበር... አንዱ ሚዜ ሲንደረደር የኦቦ ደቻሳን ባርኔጣ አወለቀባቸው። ኦቦ ደቻሳ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሱ። ሚዜው ጎንበስ አለ። ከዘራው ከሚዜው ኋላ በነበሩት በኦቦ ቶሎሳ አናት ላይ ወረደ። ከዚያ ወዲያው ከዘራውን ጋቢያቸው ስር ሸጉጠው «ዺሳ! ተዉ! በፈጣሪ ተዉ!» እያሉ ገላጋይ ሆኑ። ገመቹ ገና ከአጥሩ ውጭ ነበር፤ ዱላ ይዞ የደረሰው ኋላ ነው።

 ሁሉም ዞሮ ኦቦ ደቻሳን አየ።

«ደካማ ካርድ ነው ተብሎ የለ!» ብለው ጮኹ። «ደካማ ካርድ ሰው ያምታታል! የገመቹን ፊት ነው በእኔ የቀየረው!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ካርድ መሸጫው ውስጥ ፊታቸው ለምን እንደበራ ያኔ ገባኝ፤ ደካማ ካርድ ፊት የሚያደበዝዝ መስሏቸው ነበር። ንዴቴ እስከ ጆሮዬ ወጣ። «ኦቦ፣ ካርድ የሰው ፊት አይቀይርም። ፊት የሚያጠራው ካሜራው ነው... ካሜራዬ ደግሞ ጎበዝ ነው» አልኳቸው።

«ውሸታም!» ብለው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ አነሱ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ከዘራው ሞኒተሬ ላይ ወረደና ለሁለት ሰነጠቀው።

አሁን ምን ምስክር ያስፈልጋል? አነሳሱም አወራረዱም አሁን ቪዲዮው ላይ ያየነው ነው። ለማ ቡጢውን ጨብጦ ወደ እሳቸው ተጠጋ... ሽማግሌ አይመታ ነገር። በመጨረሻ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ዞረ።

«ገመቹን ደውልለት። ይምጣ በለው» አለኝ።

ስደውልለት ሁለታችንም አለቀስን። ኦቦ ደቻሳ አሁን በተራቸው ቁስላቸውን እያስታመሙ ወዳሉት ኦቦ ቶሎሳ ቤት ሽማግሌ ልከዋል።

ካርዷ ደህና ናት። ርካሽ ሞኒተር የሚሸጥ ካለ ግን ይጻፍልኝ... ከዘራ የሚችል ይሁን ብቻ።