የማይወጣው መንኮራኩር

አቶ በዕውቀቱ አንድ ቀን እንኳ በዓይናቸው ባላዩት ነገር፣ ያውም ሌላ ሰው በነደፈው ንድፍ ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁት ለምንድን ነው? በሚኖሩባት በሞላሌ ከተማ ይህን የሚመልስ የለም። ራሳቸው ሲጠየቁ «እንዲያው ነው» ብለው ወሬ ይለውጣሉ።

የሚታወቀው ይህ ነው። በሰባ አራት ዓ.ም. ለትምህርት ባሕር ማዶ ተልከው አንድ የንድፍ ቢሮ ውስጥ ለልምምድ ተመደቡ። ከቢሮው ምድር ቤት የመጀመሪያዎቹ የጠፈር መንኮራኩሮች ንድፍ በጆንያ ታጭቆ ለማሞቂያው እሳት ተራ ይጠብቅ ነበር። ሁሉም በእጅ፣ በቀለምና በማስመሪያ የተሠራ ዋና ቅጂ ነው። አለቃውን ለምነው ጥቂቱን ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ ሞላሌ ሆነው እያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ ነዳፊዎች ጋር ደብዳቤ እየተጻጻፉ፣ አንድ በአንድ መቶ አሥራ ሁለት አደረሱት። አብልጠው የሚወዱት ስሕተት ያለበትን ነው፤ ነዳፊው የሳተውን መስመር በምላጭ ፍቆ እንደገና ያሰመረበትን። ጣታቸውን ሻካራው ቦታ ላይ ያሳርፉና «እዚህ ጋ ደክሞታል» ይላሉ፣ ጎረቤት እንደሚያማ ሰው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለልጃቸው ሠርግ ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት አደሩ። ሲመለሱ ጣሪያው አፍስሶ የዘጠኝ ወረቀት ቀለም ታጥቦ ሄዷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታቸው ውጭ አድረው አያውቁም። ለቅሶ እንኳ የሚደርሱት ደመና እያዩ ነው።

አሁን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። ደብረ ብርሃን ያለው ሐኪም «ከዚህ ቀጠሮ ካለፈ አልነካውም» ብሏል። ታክመው እስኪያገግሙ ደግሞ ሦስት ሳምንት እዚያው መቆየት አለባቸው። በቀጠሮው ዋዜማ ደብረ ብርሃን ያገባችው ልጃቸው ሰርካለም ልትወስዳቸው መጣች።

«አባዬ፣ ወረቀት ልትጠብቅ ብለህ ልትታወር ነው?»

«ማን ይጠብቅልኝ? ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አልጭነው!»

«ጊዮርጊስ ዕቃ ቤት አስገባዋ! ግንቡ ወፍራም፣ ጣሪያው አዲስ።»

ይህ ከልባቸው ገባ። ንድፎቹ የተጠቀለሉባቸውን ቱቦዎች አቅፈው፣ በልጃቸው እጅ እየተመሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ።

ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት የነፍስ አባታቸው፣ ሽማግሌው መምሬ መልከ ጼዴቅ ናቸው።

«ምንድን ነው የታቀፍከው?»

«የመንኮራኩር ንድፍ ነው፣ አባ። በእጅ የተሠራ፣ ዋናው።»

መምሬ ብድግ አሉ። «የመንኮራኩሩ! ሰማዕቱ የተፈጨበት!»

የመምሬ ስሕተት ለአቶ በዕውቀቱ ወዲያው ገባቸው። ገድሉን ያውቁታል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን አጥንቱ እስኪደቅ የፈጩት ችንካር በበዛበት መንኮራኩር ነው። «አይደለም» ካሉ ወረቀቱ ደጅ ሊቀር ነው። አንዱን ቱቦ ከፍተው አቀበሏቸው።

መምሬ አንዱን ወረቀት ዘረጉት። የጠፈር መንኮራኩር በር ነው፤ ክብ፣ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ። «ይኸው ችንካሩ! አሥራ ስድስት!» አሉና ወረቀቱን በግንባራቸው ተሳለሙት። ከዚያም መዝገቡን ገለጡ።

«ለሦስት ሳምንት አደራ ነው፣ አባ» አሉ አቶ በዕውቀቱ።

«ምን አደራ አለ? የሰማዕቱ ዕቃ ገብቶ ይወጣል እንዴ? ለጊዮርጊስ የገባ የጊዮርጊስ ነው።»

አቶ በዕውቀቱ ጎንበስ አሉ። «አባ፣ ይፍቱኝ። የሰማዕቱ አይደለም። ሰው ወደ ጠፈር የሚወጣበት ነው።»

መምሬ ወረቀቱን ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ሳቁ። «ጊዮርጊስስ ወደ ሰማይ በምን የወጣ መሰለህ? በሚኒባስ?» ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ። «እያወቅህ አሳለምከኝ። ይሁን፣ እግዚአብሔር ይፍታህ። የሰው ሥራም ለሰማዕቱ ቢሰጥ ነውር የለውም። ከገባ ግን ገባ ነው። ልጻፈው?»

ሰርካለም የአባቷን ክንድ ጨመቀች። «ስጥ፣ አባዬ! ዓይን ካለህ መጥተህ ታየው የለም?»

«ለንግሥ፣ በዓመት አንዴ፣ በሰው እጅ?»

«ሳታይ ከምታቅፈው አይሻልም?»

 እውነቷን ነበር። ቱቦዎቹን ሊያስረክቡ እጃቸውን ዘረጉ፤ መምሬም ሊቀበሉ ያዟቸው። የአቶ በዕውቀቱ ጣት ግን አልላቀቅ አለ። ሁለቱ ሽማግሎች አንድ ዕቃ ይዘው ለአፍታ ቆሙ።

«ይቅር» አሉ በመጨረሻ አቶ በዕውቀቱ።

ሰርካለም ቤት አድርሳቸው ሳትሰናበት ወደ መኪናው ሄደች። ከአውራ ጎዳናው «ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው የቀረው!» የሚል የረዳት ጩኸት ይሰማል። ደጋግሞ ጠራ። እሳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ ቱቦዎቹን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አዳመጡት። ሞተሩ ተነሣ፤ ዳገቱ ላይ ጥቂት አጉረመረመ፤ ከዚያ ጠፋ። አንዱን ወረቀት አውጥተው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። መስመሩም ወረቀቱም አንድ ጉም ነው።

ጫማቸውን ሳያወልቁ ጋደም አሉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው ገና በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።