በረዶ ያልሸፈነው ማቆሚያ

ተሽከርካሪ ወንበሯን ከመኪናዋ ኋላ የጫነችው ማርሊስ፣ በረዶ ያልሸፈነው ብቸኛ የአካል ጉዳተኞች መኪና ማቆሚያ እስኪለቀቅ ስትጠብቅ አንድ ሰውዬ በመኪናው ቀድሟት ገባ። ኮቱ በደንብ ተቦርሿል፤ አወራረዱም ቀልጠፍ ያለ ነው። የመኪናው መስተዋት ላይ ሰማያዊው የአካል ጉዳተኞች ማቆሚያ ፈቃድ ካርድ ተንጠልጥሏል።

«ጌታው፣ የትኛው እግርዎ ነው የታመመው?» አለችው መስኮቷን አውርዳ። በዚህ ሳምንት ቦታዋን ሲወስዱባት ሦስተኛ ጊዜዋ ነው፤ መቆጣቱም ሰልችቷታል።

ሰውየው ዞሮ የጎኑን በር ከፈተና እጁን ዘረጋ። መቀመጫው ባዶ ነበር። እጁ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ።

«ይቅርታ እመቤት» አላት ቀና ብሎ፤ «ባለቤቴን ዘጠኝ ዓመት እዚህ ነው ያወረድኳት። እጄ ለምዶ ነው።»

መኪናውን ወስዶ ዳር አቆመ። ከዚያ ሲመለስ ያ ቅልጥፍናው አልነበረም፤ ክንዱን አጠፍ አድርጎ፣ ሰው ደግፎ እንደሚሄድ፣ በረዶው ላይ ቀስ እያለ መጣ።